ተቀባይ ያጣ ጽዋ

ደብረ ታቦርን ለማታውቁትና ምናልባት ለማትሄዱበት፣ ደርሼ መምጣቴን ልንገራችሁ። መልክዓ ምድር መግለጽ አይሆንልኝም፤ ተራራ ሳይ ተራራ ነው ከማለት በቀር ቃል አይመጣልኝም። የማወራችሁ ስላበሉን ሰዎች፣ ስለፈነዳብን ጎማና ስለ አንድ የሸክላ ጽዋ ነው።

የሄድኩት ለስብሰባ ነው። የጥንት ግሪኮችንና ሮማውያንን ፍልስፍና በአማርኛ የምናነብበት ማኅበር አለን፤ በዓመት አንዴ እየተገናኘን ጽሑፍ እናቀርባለን፣ ከዚያ እስኪበቃን እንከራከራለን። እኔ ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩት ይኼንኑ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ልጄ "እማዬ፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር አትከራከሪ" እስከምትለኝ ደርሻለሁ።

ወጋችንን የወሰድነው ከጽዋ ማኅበር ነው። ሰብሳቢያችንን እንደ ሰንበቴው "ሙሴ" እንላቸዋለን። ስብሰባው ሲያልቅ የሚቀጥለውን ዓመት የሚያስተናግደው ሰው ይነሣና ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። መጀመሪያ ስንጀምረው ለቀልድም ጭምር ነበር። ጉጉት ይቀረጽበት ብለን ነበር፤ ጉጉት ለግሪኮቹ የጥበብ ምልክት ናት። ሸክላ ሠሪዋ ግን "ጉጉትስ ሞት ትጠራለች፣ በእጄ አልሠራትም" ብላ ዶሮ ቀርጻ ሰጠችን። እስከ ዛሬ ዶሮዋን ይዘን አለን።

ስንመሠረት አዳራሽ እንሞላ ነበር። አንዱ ውጭ አገር ቀረ፣ አንዱ ሞተ፣ አንዱ ንግድ ገባ፤ አሁን ሁላችንም በአንድ ሚኒባስ እንገባለን። ባለፈው ዓመት እኔ ቤት ስንሰበሰብ ተረኛ ለመሆን እሺ ያለው ደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምረው ጌትነት ብቻ ነበር። እሱም መንገድ ተዘግቶበት ስለቀረ እሺ ያለን በስልክ ነው። ጽዋው እኔ ጋ ከረመ። በመሀሉ ቤቴ ለመንገድ ማስፋፊያ ፈረሰና ልጄ ኮንዶሚኒየም ገባሁ፤ ጽዋውም ፍሪጅ አናት ላይ ወጣ።

ሙሴያችን ጋሽ ይልማ የቀድሞ ዳኛ ናቸው። ከመነሣታችን በፊት ቁርጡን ነገሩን። "ዘንድሮ ተቀባይ ከጠፋ ማኅበሩ ይበተናል። በልመና የሚቆም ማኅበር አልፈልግም" አሉ። እኔ ልውሰደው እንዳልል የት ልሰበስብ ነው? አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የልጅ ልጆቼ በሚተኙባት ሳሎን? ደሜ ፈላ። ይህ ማኅበር ከተበተነ የማነበውን ለማን እንደማነብ አላውቅም። እንግዲህ ጽዋውን በነጠላ ጠቅልዬ የተነሣሁት በዚህ ሆድ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ፈታሿ ልጅ ሻንጣዬን ከፍታ "እናቴ፣ ይኼ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ጽዋ ነው።"

"የማን?"

የየትኛው ታቦት ማለቷ ነው። "የማኅበር" አልኳት። ልጅቷ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ዶሮዋን አየችና ግንባሯን አስነክታ መለሰችልኝ። ጋሽ ይልማ ከኋላዬ ሆነው "የዶሮዋ ነው በያት እንጂ" አሉኝ በጆሮዬ። እኔ ግን ሰው የተሳለመውን ዕቃ መልሼ ከጫማ ጋር መክተት አልሆነልኝም፤ እስከ ባሕር ዳር ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ።

ከአዲስ አበባ የተነሣነው እኔ፣ ጋሽ ይልማና ብሩክ ነን። ብሩክ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወጣት ነው፤ ጎበዝ፣ ቀጭን፣ ከሸሚዙ ትንሽ የምትወፍር ጃኬት የለበሰ። ብርድ አለ ብዬው ነበር። "እኔ ብዙ ነገር አያስፈልገኝም" አለኝ። የዘንድሮ ጽሑፉም ይኸው ነው፤ ብልህ ሰው ለራሱ ይበቃል፣ ደስታውን ከሌላ ሰው እጅ አይጠብቅም የሚለውን የጥንቶቹን ትምህርት ሊደግፍ ነው የመጣው።

ባሕር ዳር ላይ የተቀበለችን የጌትነት እኅት ማሬ ናት። ኩዌት ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች፣ አሁን ደብረ ታቦር ላይ ትንሽ ልብስ መሸጫ ያላት፣ ፈጣን ልጅ። "እናንተ ናችሁ የግሪኮቹ ሰዎች?" አለችና መልስ ሳትጠብቅ ሻንጣችንን ሚኒባሱ ላይ አስወረወረች። መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብላት "ዛሬ ሰላም ነው፤ የነገን ነገ ጠይቁኝ" አለችኝ። ከጎንደርና ከባሕር ዳር የመጡትን አባሎቻችንን ጭነን ተነሣን።

ሐሙሲት ገበያ ነበር። መንገዱን በግና አህያ ሞልቶት ሹፌሩ ከሰው ጋር እየተሳሳቀ በእግር ፍጥነት አለፈ። አዲስ አበባ ቢሆን ጡሩምባው ጆሮ ያደነቁር ነበር። ምሳ በላንና ከወረታ ወዲያ ዳገቱን ስንጀምር ጎማው ፈነዳ። ስኮርታው ደኅና ነው፤ ክሪኩ ግን የለም። ሹፌሩ "ወንድሜ ወስዶት ነው" አለ፤ የት እንደወሰደው ግን አልነገረንም።

ከመንገዱ በላይ አንድ ቤተሰብ ስንዴ ይወቃ ነበር። አባትየው ሥራውን ትቶ ወረደ፣ ለጋሽ ይልማ በርጩማ አስመጣላቸው፣ ሚስቱ ጠላ ይዛ መጣች። ማን ናችሁ፣ ወዴት ናችሁ የሚለው ጥያቄ የመጣው ጠላው ከተቀዳ በኋላ ነው። ነፋሱ ሲነሣ ብሩክ ክንዱን አቅፎ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰውየው ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ።

"ግድ የለም አባት፣ ይበቃኛል" አለ ብሩክ።

"ምኑ ነው የሚበቃህ? ይቺ ጨርቅ?" ብሎ አከናነበው።

አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። አላሾፍኩበትም፤ ለነገው ክርክር አስቀመጥኩት።

አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ክሪክ አዋሰን። ሰውየው ጋቢውን መልሶ ሲቀበል "ስትመለሱ እለፉ" አለን። አዲስ አበባ ውስጥ ለጎረቤቴ እንኳ እንዲህ ብያት አላውቅም፤ ልትመጣ ትችላለችና።

ደብረ ታቦር ስንገባ ብርዱ የምር ሆነ። ያረፍንበት ቤት ንጹሕ ነው፤ ውሃው ግን "ነገ ይመጣል" ተባለ። ባለቤቲቱ በባልዲ ሙቅ ውሃ ራሷ ተሸክማ አምጥታ "እግርሽን ንከሪ" አለችኝ። እግሬን ነክሬ ጽዋውን አየሁት። ነገ ከነገ ወዲያ የሚወስድህ ሰው ይኑር አልኩት፣ እንደ እብድ።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ስብሰባው ይደረግበታል ወደተባለው አዳራሽ ሄድን። በሩ ላይ ጌትነት ቆሟል፤ በዚያ ብርድ ላቡ ግንባሩ ላይ ይታያል። አዳራሹ ለሌላ አስቸኳይ ስብሰባ ተይዟል። የያዙት ሰዎች ገና አልመጡም፤ ቁልፉን የያዘውም ሰው የለም። ጌትነት ከአንዱ ቢሮ ወደ አንዱ ቢሮ እየሮጠ ተመልሶ "ጋሽ ይልማ፣ አፈርኩ" አለ። አሳዘነኝ። አንድ ዓመት ሙሉ የለፋበት ነገር ነው።

ማሬ ይኼ ሁሉ ሲሆን ስልክ ላይ ነበረች። ዘጋችና "እማዬ ኑ ብላለች" አለች።

"የት?"

"ጋፋት ነዋ፣ ቤት።"

በባጃጅ ጥቂት ሄድን፣ ቀሪውን በእግር። ጋፋት ንጉሡ መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። ጌትነት ሐፍረቱን ለማስረሳት ይመስለኛል፣ እየጠቆመ "ምድጃው እዚያ ጋ ነበር ይባላል" አለን። አየነው። የገብስ ማሳ ነው፤ መሀሉን የእግር መንገድ ቆርጦታል። እኔ የበለጠ ያየሁት የጋሽ ይልማን ጉልበት ነው፤ ዳገት ባየን ቁጥር ሕግ የሚጠቅሱ ይመስል ይቆማሉ።

የጌትነትና የማሬ እናት እማማ ዘርፌ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ከእኔ የሚበልጡ፣ ረዥም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። እያንዳንዳችንን አገላብጠው ሳሙ፤ "ደኅና ናችሁ ወይ፣ ልጆቻችሁ ደኅና ናቸው፣ አገሩ ደኅና ነው" ሲሉ ለእያንዳንዱ መልስ እየጠበቁ ነው። ቆርቆሮ ክዳን ያለው ሰፊ ቤት ነው፤ የእህሉ ጆንያ ወደ ጓዳ ተገፍቶልናል፣ መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፎልናል። ጌትነት ወንበር ፍለጋ ጎረቤት ሊሮጥ ሲል "ቁጭ በል፣ እንግዳ ትቶ መሮጥ የለም" ብለው አስቀመጡት። እኔም ሻንጣዬን ፈትቼ ጽዋውን መስኮቱ ደፍ ላይ አኖርኩት። እዚያ የእሳቸው የማርያም ማኅበር ጽዋ ተቀምጧል። ጎን ለጎን ሆኑ።

ብሩክ ጽሑፉን አነበበ። ለራሱ የሚበቃው ብልህ ሰው ወዳጅ ቢኖረው መልካም፣ ባይኖረውም የሚጎድልበት የለም ይላል። ደኅና አድርጎ ጽፎታል፣ አልዋሽም። ችግሩ ይህንን ሲያነብ በአንድ እጁ የእማማ ዘርፌን ዳቦ ይዟል፤ ትከሻው ላይ ደግሞ የጌትነት ጋቢ አለ።

መጀመሪያ የተነሣው ከጎንደር የመጣው ሙሉጌታ ነው። ድምፁ በተፈጥሮው ትልቅ ነው፣ ቤት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። "ይኼ ሰው ብልህ አይደለም፣ ድንጋይ ነው" ብሎ ጀመረ። ብሩክም አልተኛለትም። "አልገባህም" "የማይገባ ነገር ተናግረህ" ተባባሉ። እኔም ትናንት ያስቀመጥኩትን ጋቢ አወጣሁ። "ትናንት መንገድ ላይ ብልሁን ሰው ማን አለበሰው?" ብዬ ጠየቅኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ብሩክ ግን ተናደደና ተነሥቶ ቆመ፤ ሙሉጌታም ቆመ። ለእኛ ይኼ ደስ የሚል ስብሰባ ማለት ነው።

እማማ ዘርፌ ጓዳው በር ላይ ነበሩ። ማሬን ሲጠይቋት ሰማሁ።

"ምን አጣላቸው?"

"አንድ ሰውዬ ነው እማዬ።"

"የቱ ሰውዬ?"

"እዚህ የለም። ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው። ግሪክ ነው።"

እማማ ዘርፌ ነጠላቸውን አጣፉና መሀል ገቡ። "በእኔ ቤት?" አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፣ ግን ክርክሩ ቆመ። "በሉ ልጆቼ፣ ስለ እመቤታችን ታረቁ።" ጌትነት "እማዬ፣ ተዉ እንጂ፣ ጠብ አይደለም" ሊል ሞከረ። አልሰሙትም። ብሩክና ሙሉጌታ ተያዩ። ከዚያ ሙሉጌታ ጎንበስ አለ፣ ብሩክም ጎንበስ አለ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። እማማ ዘርፌ ለሁለቱም ጠላ ቀድተው እስኪጠጡ ቆመው ጠበቁ።

ጋሽ ይልማ ያን ዕለት አዲስ ደንብ ደነገጉ፤ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ በኋላ ተከራካሪዎቹ ይታረቃሉ። እስከ ማምሻው ድረስ ስንጣላና ስንታረቅ ዋልን። ጠላውም አብሮ ሄደ። ማታ ሌሎቹ ወደ ከተማ ሲመለሱ እማማ ዘርፌ እኔን "አንቺ ወዴት ነሽ? ይኼ ብርድ ለአንቺ አይሆንም" ብለው ከማሬ ጋር አሳደሩኝ።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ማሬ ሱቋን ሳትከፍት ቀረች። ለምን ስላት "አንድ ቀን ብዘጋው ምን ይሆናል፣ እዚህ ትያትር አለ" አለችኝ። ወተት እያፈላች አጫወተችኝ። ኩዌት ያለችው የድሮ እመቤቷ ነይ እያለች ትደውላለች፤ ልሂድ ወይ ልቅር እያለች ነው። "የዛሬ ዓመት የት እንደምሆን አላውቅም እትዬ የሺ" አለችኝ። እኔም አላውቅም አልኳት።

ያን ቀን እኔም አነበብኩ። ሰው ብቻውን ከሚያነበው መጽሐፍ ከወዳጁ ጋር የሚከራከርበት ይበልጠዋል የሚል ነው። ጥንቶቹ የሚያምኑት ነገር ነው፣ እኔ ግን ለራሴ ነበር የጻፍኩት። ማንም አልተቃወመኝም። ባይቃወሙኝ አዘንኩ፤ ለሐዘንተኛ ነው ሰው ዝም የሚለው።

ከምሳ በኋላ ጽዋውን ከመስኮቱ አንሥቼ መሀል በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። ጋሽ ይልማ ተነሡ። "ለሚቀጥለው ዓመት የሚቀበል ማን ነው?" አሉ። በየዓመቱ የሚሉት ነው።

ማንም አልተነሣም።

ሙሉጌታ ጉሮሮውን ጠረገ። ቤት ሊቀይር ነው፣ የት እንደሚገባ አልታወቀም። ብሩክ ውጭ አገር ትምህርት አመልክቷል፣ መልሱን እየጠበቀ ነው። ጌትነት ዝውውር ጠይቋል። የባሕር ዳሯ አባላችን ልጇ ልትወልድ... እሷም የራሷን ተናገረች። ማንም አልዋሸም። የሁሉም ነገር አንድ ነው፤ ደግሞ የዛሬ ዓመት መንገዱ ይከፈት ይዘጋ ማን ያውቃል? ይኼን ሁሉ ዓመት ስለ ዘላለማዊ ነገር ስንከራከር የኖርን ሰዎች አንድ ዓመት ቃል መግባት ከበደን።

ጋሽ ይልማ "እንግዲህ" አሉና ቀሪውን ሳይጨርሱ ተቀመጡ። ዳኛ ሆነው ስንት ፍርድ አንብበዋል፤ ይኼን ማንበብ አቃታቸው።  ጽዋውን አንሥቼ ወደ መስኮቱ መለስኩትና ውጭ ወጥቼ የገብሱን ማሳ እያየሁ አለቀስኩ። አላፈርኩም።

እማማ ዘርፌ ከኋላዬ መጡ።

"ጽዋውን ማን ወሰደው?"

"ማንም እማማ። ይዤው እመለሳለሁ።"

"ማንም?"

"ማንም።"

 እጄን ያዝ አድርገው ቆሙና ወጡ ሊያርርባቸው መሆኑ ትዝ ሲላቸው ተመልሰው ገቡ። ራቱ በግ ነበር። እንደ ሠርግ ቤት አበሉን፣ እኛም እንደ ለቅሶ ቤት በላን። ብሩክ ብቻ ሁለቴ አስጨመረ፤ እማማ ዘርፌ ይኼን ልጅ ወደውታል።

አራተኛው ቀን

መመለሻችን በአንበሳሜ በኩል ሆነ። በዓለም በር ያለው መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ዘግቶታል ተባለ። የአንበሳሜው መንገድ አቧራማ ስለሆነ ሹፌሩ ማለዳ እንውጣ ብሎ ቸኮለ። ክሪክ ይዟል ወይ ብለን ሁላችንም በየተራ ጠየቅነው።

ባደርኩበት በእማማ ዘርፌ ቤት ደግሞ ሌላ ጥድፊያ አለ። የማርያም ዕለት ነው፣ ማኅበርተኞቻቸው ሊመጡ ነው። ማሬ ወንበር ትደረድራለች፣ ጌትነት ማሰሮ ያዞራል። ልብሴን ከትቼ ሻንጣዬ ክፍት እያለ ሹፌሩ እታች ካለው መንገድ ጡሩምባውን ነፋ። መነጽሬን ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ስል እማማ ዘርፌ በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ።

"ኧረ እማማ፣ ይኼን ሁሉ?"

"መንገድ ነው ልጄ፣ ይርባችኋል። ሂጂ አንቺ ጫማሽን አድርጊ፣ እኔ እዘጋዋለሁ።"

ሻንጣውን ራሳቸው ዘግተው ለጌትነት አሸከሙት። በሩ ላይ ሲስሙኝ ረዘም አድርገው ሳሙኝ። "በዓመቱ ያገናኘን" አሉ። እኔ አሜን ብዬ ዞር አልኩ፤ በዓመቱ ምን ሊያገናኘን ብዬ ነው ዞር ያልኩት።

መንገዱ እንደተባለው ነበር። አቧራው ጥርሳችን ድረስ ገባ። አንበሳሜ ላይ ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶት ቆምን፤ አንዲት ሴት በመስኮቱ በኩል ለጋሽ ይልማ የተጠበሰ ሽንብራ ሰጥታቸው "ለአባባ ነው" ብላ አልፋ ሄደች። ከዚያ በቀር የተናገረ ሰው የለም። ብሩክና ሙሉጌታ እንኳ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው አልተጣሉም።

ሐሙሲት ደርሰን ምሳ አዘዝንና እስኪመጣ ዳቦውን እንቁረሰው ብዬ ሻንጣዬን ከፈትኩ። ዳቦውን አወጣሁ። ከሥሩ ጫማዬ አለ፣ ልብሴ አለ፣ መጻሕፍቴ አሉ። ጽዋው የለም። ሻንጣውን ገለበጥኩት። የለም። መስኮቱ ደፍ ላይ ነው የቀረው፤ ሳላነሣው ነው የወጣሁት። እኔ፣ እስከ ባሕር ዳር ጭኔ ላይ ይዤው የሄድኩት ሴትዮ።

"ጽዋውን ረሳሁት" አልኩ።

ሙሉጌታ ፊቱ ተለወጠ። "ዛሬ እኮ የማርያም ማኅበር ነው" አለ።

"ታዲያስ?"

"ማኅበርተኞቹ ያዩታላ። ማኅበርተኛው ሄዶ ጽዋው የቀረበት ቤት ተረኛ ነው። እማማ ዘርፌ ሁለት ማኅበር ወጣባቸው ማለት ነው።"

 አረጋዊት ሴት ላይ፣ እኔ በመርሳቴ፣ እኛ ሁላችን የሸሸነውን ሸክም ጥለንባቸው መጣን። ጋሽ ይልማ "ፈቃድ የሌለበት ግዴታ ግዴታ አይደለም፣ ስህተት መሆኑን ነግረን እናስመልሰዋለን" አሉ። ብሩክ ደግሞ፣ ያ ለራሱ የሚበቃው ልጅ፣ ተነሥቶ "በስልክ ነውር ነው፣ ተመልሰን ፊት ለፊት እንንገራቸው" አለ። ሹፌሩ ይኼን ሰምቶ ቀድሞ የቀረበለትን ምሳ በፍጥነት መብላት ጀመረ።

እኔ ደወልኩ። ማሬ አነሣች። ከኋላዋ የሴቶች ድምፅ ሞልቷል።

"ማሬ፣ ጽዋውን..."

"ደርሰንበታል እትዬ የሺ። አይተውት 'ዘርፌ፣ ይኼ ደግሞ የማን ነው' እያሏት ነው። 'የልጆቼ ነው' ብላለች። ቆይ ላቅርባት።"

እማማ ዘርፌ ስልኩን ከጆሮአቸው ራቅ አድርገው መሆን አለበት የሚናገሩት፤ ድምፃቸው ከሩቅ ይመጣል።

"ደረሳችሁ?"

"ሐሙሲት ነን። እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጽዋውን ረስቼው ነው። እርስዎ ላይ ልጥል ብዬ አይደለም።"

"አውቃለሁ። ስትረሽው አይቻለሁ።"

"ምን አሉኝ?"

"መስኮቱ ላይ ትተሽው ስትዞሪ አየሁሻ። ሻንጣው ቢቀል ይታወቅሻል ብዬ ዳቦውን በቦታው ከተትኩት።"

 ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዳቦ አየሁ። ልክ የጽዋው ክብደት ነው።

"እንዴ፣ ለምን እማማ? ለምን አልጠሩኝም?"

"ብጠራሽማ ትወስጂዋለሽ።"

ምን ይባላል? "የእኛን ማኅበር እኮ አያውቁትም" አልኳቸው፣ ለወጉ።

"ምኑን ነው የማላውቀው? ተጣላችሁ፣ ታረቃችሁ፣ በላችሁ። ከቤቴ ጽዋ ተቀባይ አጥቶ ሲወጣ አይቼ አላውቅም፣ አሁንም አላይም። እኔ ባልኖር ማሬ አለች።"

ከጀርባ ማሬ "ኧረ እማዬ!" ስትል ሰማሁ። ከዚያ ስልኩን ተቀበለቻቸው። ትስቃለች፣ ወይም ታለቅሳለች፣ መለየት አልቻልኩም። "እሺ" አለች። "እሺ፣ የዛሬ ዓመት። ግን ያ ልጅ ወፍራም ልብስ ይዞ ይምጣ በሉት። እማዬ ደግሞ ቀኑን ቁረጡልኝ ትላለች፤ ጠላ በአንድ ቀን አይደርስም።"

ስልኩን ይዤ ለሁሉም ነገርኳቸው። ዳቦውን ሲያዩ ሳቁ፤ ሙሉጌታ ዓይኑን ጠረገ። ጋሽ ይልማ ግን ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ የችሎት ፊታቸውን አወጡ።

"ይኼ ማታለል ነው" አሉ። "በማታለል የተደረገ ነገር ይፈርሳል።"

"ጋሽ ይልማ" አለ ብሩክ፣ ሊለምናቸው።

"ቆይ። ይፈርሳል፣ የተታለለው ሰው ከተከራከረ።" ወደ እኔ ዞሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር ያልተጣሉበት ነገር የለም፤ ጢማቸው ሥር ሲስቁ ይታየኛል። "የሺ፣ ትከራከሪያለሽ?"

በየዓመቱ ቀን ለመቁረጥ ሳምንታት የምንነታረክ ሰዎች፣ ምሳው ሳይቀርብ ጥር ላይ ተስማማን። ማሬ መስመር ላይ እየጠበቀች ነበር። ከዚያ በፊት ግን ለጋሽ ይልማ መመለስ ነበረብኝ።

"አልከራከርም" አልኳቸው፣ ዳቦውንም ቆረስኩት።